እትዬ ሁለት መስመር

ሁመድ ስልክ የሚወድ ሰው አይደለም። ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው። ወሬ ካለው ሰውየውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዓይኑን እያየ ነው የሚነግረው። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ አዋሽ ከተማ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ድምፁን በስልክ ስሰማ ገና ሰላም ሳንባባል ደነገጥኩ።

«ጎሚስታው» አለኝ። ጎማ መጠገን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እሱ ግን ሌላ ስም አያውቅልኝም። «ሴትዮዋ ሞታለች። ኢናሊላሂ።»

«መቼ?»

«ሰኞ። ሆስፒታል ናት። እስካሁን አልተቀበረችም።»

«ለምን?»

«የሚጠራላት ሰው አጡ። መታወቂያዋ ላይ ‹ተጠሪ› የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እኔም ሱቋ ተዘግቶ ሳየው ዘመድ ጥየቃ የሄደች መስሎኝ፣ ወላሂ፣ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ያ ቦታ ለምን ባዶ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ስሟን እዚህ አላሰፍርም። አንባቢውን ንቄ አይደለም፤ እሷ ስሟ በሆነ ባልሆነው ወረቀት ላይ ሲውል ስለማትወድ ነው። ሰመራ ውስጥ እንደሆነ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት አልነበረም። «እትዬ ሁለት መስመር» ነበር የምትባለው።

እኔ ሰመራ አሥራ አራት ዓመት ጎማ ሠርቻለሁ። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች በአስፋልቱ ግለት ጎማቸው ፈንድቶ ሲደርሱ እኔና ገብሬ ጋ ይቆሙ ነበር። ገብሬ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ኮምፕሬሰር ለሁለት ነበረን፤ አንዲት ክፍል ቤትም ለሁለት። ዝምተኛ ነው፤ ቸርኬ ሲፈታ ብቻ በአፉ ያፏጫል። ገብሬም እውነተኛ ስሙ አይደለም።

የእሷ የቆርቆሮ ሱቅ ከእኛ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሁመድ ከሚጠብቀው በር ፊት ለፊት ነበረች። ውስጧ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ በርጩማና አንድ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው የሚዞረው ወደ ማሽኑ እንጂ ወደ እሷ አልነበረም። አንድ ቀን «እትዬ፣ ለራስሽም አዙሪው እንጂ» ብላት፣ «ማሽኑ ከታመመ ማን ያክመዋል? እኔ ብታመም ሆስፒታሉ እዚሁ ነው» አለችኝ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ሰው መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። እሷ ካርዱን ትቀበልና ማሽኑን ሳትነካ አስቀድማ ትጠይቃለች።

«ለምንድን ነው?»

«ለቤት ኪራይ ውል።»

«ለቤት ኪራይ ብሔርህ ምን ይሠራለታል? በብሔርህ ነው የምትተኛው?»

ከማሽኑ አጠገብ በክር የታሰሩ ቀጫጭን የካርቶን ቁራጮች ነበሯት። ከሲጋራ ፓኮ ነው የቆረጠቻቸው። አንዷ «ብሔር» የሚለውን መስመር ልክክ አድርጋ ትሸፍናለች፤ አንዷ የትውልድ ቦታን፤ አንዷ «ተጠሪ» የሚለውን። እነሱን መስታወቱ ላይ ከካርዱ በታች ታነጥፍና ኮፒውን ታወጣለች። ከዚያ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ ኮፒውን ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር ታሰምርበታለች። በሁለቱ መስመር መካከል «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ የተሰጠ» ብላ ትጽፍና ቀኑን ታኖርበታለች። ጽሕፈቷ የታተመ ነበር የሚመስለው።

ሰው ይናደድባታል። አንድ የቦቴ ሾፌር «ሴትዮ፣ መታወቂያዬን ቀሚስ አለበስሽው እንዴ?» ሲላት ሰምቻለሁ።

«ራቁቱን ከምትልከው ይሻላል።»

«የኔ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ያንተ ነው። ያንተ ሆኖ እንዲቆይ ነው የምደክመው።»

ሾፌሩ እየተሳደበ ይዞት ሄደ። በሳምንቱ ግን ረዳቱን አስከትሎ ተመልሶ መጣ፤ የረዳቱን መታወቂያም ቀሚስ ሊያስለብስ።

ሁሉን ደብቅ የምትል ሴት ግን አልነበረችም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። «ሐኪም ዕድሜህን ሲጠይቅህ አትዋሽ» ትል ነበር። «የጠየቀህን ሁሉ ሳይሆን ለጉዳዩ የሚበቃውን ስጠው። ለምን እንደፈለገው ጠይቀው። መልስ ከሌለው አንተም የለህ።» ሌላም አባባል ነበራት፦ «ወረቀት ጌታ ሲለውጥ አያማክርህም።» ይህን ስትል ሁልጊዜ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ነበር። ለምን እንደምትጠርግ በኋላ ነው የገባኝ።

የተበላሸ ኮፒ አትጥልም። በባልዲ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች። እንደ ጭቃ ሲሆን ጨምቃ፣ አቧራ የሚገባበትን የቆርቆሮውን ቀዳዳ ትደፍንበታለች። የስንቱ ሰው ስም፣ የስንቱ ሰው ፎቶ የእሷን ግድግዳ እንደደፈነ እግዚአብሔር ይወቀው። ሁመድ ግድግዳውን እየነካካ፣ «እትዬ፣ አንቺ ቤት አይደለም የሠራሽው፣ ከተማውን በሙሉ ለጥፈሽዋል» እያለ ይስቅ ነበር።

ይኸው ሁመድ ነው አንድ ቀን ስለ ዳጉ የነገረን። አፋር ሀገር የኖረ ሁሉ ዳጉን ያውቃል፤ ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዜና ይለዋወጣሉ። ውኃ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ምንም አይደበቅም። መደበቅም መዋሸትም ነውር ነው። ሁመድ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን አንድ ትልቅ ቅጽ ይዞ መጥቶ፣ ገልብጦ ገላልጦ አየውና እንዲህ አለ፦

«እኛ ዳጉ ስንቀመጥ አንድ ሰው ብቻ አይናገርም። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እነግረዋለሁ። ይሄ ወረቀት ግን የአባቴን ስም፣ የሚስቴን ስም፣ የግመሌን ቁጥር ጠየቀኝ። እሱ ምን ነገረኝ? ምንም።»

እሷ እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ረጅም ቅጽ ያመጣባትን ሁሉ «እሱስ ምን ነገረህ?» ትለው ጀመር።

እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ማንበቡን እችላለሁ፤ እጄ ግን ያደገው ከጎማ መፍቻ ጋር ነውና ለመጻፍ ይከብደው ነበር። ሥራ በሌለ ቀን በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» የሚለውን ታስጽፈኝ ነበር። ደጋግሜ ስለጻፍኩት ከስሜ ይልቅ እሱ ያምርልኝ ነበር። «በቃ፣ ተመርቀሃል» አለችኝ አንድ ቀን።

ተመርቄ ነው እንግዲህ ያንን ያደረግኩት።

አንድ የጭነት ኩባንያ መኪኖቹን የሚሠሩለትን ጎሚስታዎች መመዝገብ ጀመረ። የተመዘገበ ባጅ ይሰጠዋል፤ ባጅ የሌለው የኩባንያውን ጎማ አይነካም። የእኛ እንጀራ በአብዛኛው የዚያ ኩባንያ መኪና ነበር። ምዝገባው በመጣበት ቀን ገብሬ ከሚሌ ወዲያ ለተበላሸ ተሳቢ ተጠርቶ ሄደ። መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠኝና «አንተው ጨርስልኝ» አለኝ።

እሷ ዘንድ ሄድኩ። የሁለታችንንም እንደ ልማዷ ሸፍና፣ አስምራ፣ «ለባጅ ብቻ» ብላ ሰጠችኝ። ወስጄ ኩባንያው ለምዝገባ ለላካት ልጅ ሰጠኋት። ታብሌት የያዘች፣ ትሑት ልጅ ናት። ቀዝቃዛ ውኃ ሳይቀር ሰጥታኛለች።

«አባባ፣ ይሄ ቆሽሿል» አለችኝ። «ንጹሕ ያምጡ። አለበለዚያ ሲስተሙ አይቀበለኝም።»

ከእትዬ ሱቅ ሦስተኛው ቤት ላይ ሌላ ኮፒ ቤት አለ። እሷ እንዳታየኝ በጓሮ ዞሬ ሄድኩ። የዚያ ቤት ማሽን መስታወቱ ተጭሮ ስለነበር ኮፒው ላይ አንዲት ጥቁር ሰረዝ ይተው ነበር። በገብሬ ፎቶ ላይ ሰረዟ በግራ ጆሮው በኩል ወረደች። ሌላው ግን ሁሉም ይነበባል፤ ብሔሩም፣ የትውልድ ቦታውም። ልጅቷ «አሁን ጥሩ ነው» ብላ ፎቶ አነሣችው።

ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር። ገብሬ የት ያድራል? ከኔው ጋር። ምን ምን ቋንቋ ይናገራል? ነገርኳት። የቅርብ ዘመድ አለው? ወንድም አለው፤ አዋሽ አርባ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራ። የጠየቀችኝን ብቻ ብመልስ ምን ነበረበት! ያልጠየቀችኝንም ጨመርኩላት፦ ወንድማማቾቹ እንደሚዋደዱ፣ ወንድሙ በበዓል እየመጣ እኛ ዘንድ እንደሚያድር፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጡ። ሰው በትሕትና ሲጠይቅ መልስ መቆጠብ ነውር መሰለኝ። ልክ ዳጉ እንደተቀመጠ ሰው አወራኋት። እሷ ምን ነገረችኝ? ስሟን እንኳ አላውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ጦርነቱ ከፋ። የአንዳንድ ቦታ ሰው ሆኖ መወለድ ብቻውን የሚያስጠረጥርበት ጊዜ መጣ። ገብሬ የተወለደበትም ቦታ ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ረፋድ ላይ ነው ሊይዙት የመጡት፣ አራት ሰዎች ሆነው። ገብሬ ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚተነፍስበትን ይፈልግ ነበር። አንዱ የታተመ ወረቀት አውጥቶ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየ። እኔም አየሁት። ፎቶው ላይ በግራ ጆሮው በኩል ጥቁር ሰረዝ ነበረች።

ሰውየው ማንበብ ጀመረ። የሚያድርበት፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ የመጣበት ወረዳ፣ «ወንድም፦ አዋሽ አርባ፣ ወፍጮ ቤት»። እኔ በተናገርኩበት ቅደም ተከተል፣ እኔ በተናገርኩት ቃል። ገብሬ እጁን ከውኃው አወጣና ወንድሙ ሲጠራ ቀና ብሎ አየኝ። ስልኩን ከኪሱ ወሰዱት፤ እሱንም ወሰዱት።

ወረቀቱ ከኩባንያው እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይሽጡት፣ ተጠይቀው ይስጡት፣ ይሰረቁ፣ ማን ያውቃል። ያቺ ልጅም የምታውቅ አይመስለኝም።

የወንድሙ ቁጥር የነበረው በገብሬ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ወደ አዋሽ የሚወርድ አንድ ሾፌር ለምኜ «ወፍጮ ቤቱ ሄደህ ሽሽ በለው» ብዬ ላክሁ። ሾፌሩ በማግስቱ ደወለልኝ። ወንድምየውን በዚያው ገብሬ በተያዘበት ቀን ወስደውት ኖሯል።

ያኔ መንገዱን ተሻግሬ እሷ ሱቅ ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ከነጓሮ መንገዴ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ማሽኑን አጠፋች፤ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችው።

«ቁጭ በል» አለችኝ። «አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።»

ከዚያ ነገረችኝ። በወታደሩ መንግሥት ጊዜ፣ ገና ኮረዳ ሳለች፣ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበረች። ስኳር በቤተሰብ ቁጥር ሊታደል ነው ተባለና በየቤቱ ያለውን ሰው፣ ዕድሜውን ጨምሮ እንድትመዘግብ አዘዟት።

«ሴቶቹ ነቅተው ነበር» አለችኝ። «የአሥራ ዘጠኙን ልጅ አሥራ ሁለት ይሉኛል፤ የሃያውን ‹ገጠር ሄዷል› ይሉኛል። እኔ በሐሰታቸው እናደድ ነበር። ለስኳር ነው፣ ምን ያስዋሻችኋል እላቸዋለሁ። የእኛን ቤት ስጽፍ ወንድሜን በትክክለኛ ዕድሜው ጻፍኩት። ከነወሩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ ሊቀመንበሩ አመሰገነኝ።»

«ከዚያስ?»

«ስኳሩ አንድ ጊዜ ታደለ። በሦስተኛው ወር መዝገቡን ለውትድርና አወጡት። የዋሹት ሴቶች ልጆች ቀሩ። ወንድሜን ግን ቤት ድረስ መጥተው በስሙ ጠሩት። እናቴ ‹ማን ነገራችሁ?› አለቻቸው። መዝገቡን አሳዩዋት። የኔን ጽሕፈት ታውቀዋለች።»

እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።»

ስለዚህ ነው «ተጠሪ» የሚለውን ባዶ የምትተወው። «ተጠሪ ማለት እኔን ሲያጡኝ የሚይዙት ሰው ነው» አለችኝ። «ሰው አላስይዝም።»

«ለገብሬ ምን ልበለው?»

«ከተመለሰ ንገረው። እናቴ እኔን በዝምታ እንደቀጣችኝ አንተ ራስህን አትቅጣ።»

ገብሬ በዘጠነኛው ወር ተመለሰ። አንገቱ ቀጥኖ፣ ጥርሱ ጎድሎ። ጋራዡ ደርሶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ተፈትቶ የተኛ ጎማ አየና ቁጭ ብሎ ይሠራ ጀመር። አላፏጨም። መሀል ላይ፣ ሳያየኝ፣ «ወንድሜን ማን ነገራቸው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። የጠጣሁትን ቀዝቃዛ ውኃ ሳልደብቅ።

እሱ ጎማውን ጨረሰ። ነፋስ ሞላው፤ በእግሩ መታ መታ አድርጎ አየው። እጁን ታጠበ። የጎማ መፍቻውን፣ የራሱን ነው፣ እኔ እግር አጠገብ አኖረውና ወደ አስፋልቱ ወጣ። ወደ አዋሽ የሚወርድ መኪና ላይ ሲሳፈር አየሁት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ወንድሙም እስካሁን የት እንደደረሰ የሰማ ሰው አላገኘሁም። እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ ኮምፕሬሰሩን ትቼ ልጄ ዘንድ አዋሽ ወረድኩ። መፍቻው ከኔ ጋር አለ። ለአዋሽ አርባ ቅርብ ነኝና፣ ገብሬ ወንድሙን ሲፈልግ ድንገት በዚህ ቢያልፍ ብዬ በር አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ሁመድ በደወለ ዕለት ተነሥቼ ማምሻውን ሰመራ ገባሁ። ዓርብ ጠዋት ከሁመድ ጋር ሆስፒታል ሄድን። አንድ ወጣት ጸሐፊ መታወቂያዋን ከመሳቢያ አወጣ።

«ምኗ ነዎት?»

«ጎረቤቷ ነበርኩ።»

«ዘመድ የላትም?»

«ወንድም ነበራት።»

ካርዱን ሰጠኝ። «ተጠሪ» የሚለው እውነትም ባዶ ነው። ልናገረው አፍራለሁ፣ እዚያ ቆሜ ተቆጣኋት። አራት ቀን! በዚያ ሙቀት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ አራት ቀን ሙሉ ሰው እንደሌላት። የኔን ስም ብታስጽፍ ምን ነበረበት? በዚያው ሰኞ ይደወልልኝ ነበር። ያላስጻፈችው እኔን ለማዳን ይሁን ወይስ አፌን ስለማታምነው፣ አሁን የምጠይቃት የለም። ሁለቱንም እቀበላለሁ።

«አስከሬን ለመውሰድ የሟችም የእርስዎም መታወቂያ ኮፒ ያስፈልጋል» አለ ልጁ።

የእሷ ሱቅ ዝግ ነው። ያኔ በጓሮ ዞሬ የሄድኩበት ኮፒ ቤት ሄድኩ፤ ሌላ አልነበረም። መስታወቱ አልተቀየረም፤ ሰረዟ ዛሬም አለች። ከሁመድ የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ቆርጬ «ብሔር» የሚለው ላይ አኖርኩ። ባለቤቱ «ሽማግሌው፣ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ለመንኩት። የመጀመሪያው መስመር ቀና አለልኝ፣ ሁለተኛው ትንሽ ጎበጠ። በመካከላቸው «ለቀብሯ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» ብዬ ጻፍኩና ቀኑን አኖርኩበት። ለራሴም እንደዚያው አደረግኩ።

ጸሐፊው ኮፒዎቹን ተቀበለኝ፤ አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ክፉ ልጅ አይደለም።

«አባባ፣ ይሄ ቆሽሿል» አለኝ። «ንጹሕ ያምጡ።»

«ንጹሑ ይህ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አኖርኩና ከሁመድ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ልጁ ደጋግሞ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ሁመድ ቀስ ብሎ «ካልተቀበለንስ?» አለኝ።

«እንቀመጣለን።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ወረቀቶቹን ስቦ ማኅተም መታባቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።